ለፖርትሬት የመጀመሪያ ፍላሽ ለምትገዙ፣ ጅማ ላይ ስሰራ ያየሁት

ጅማ ውስጥ ካሜራ የያዙ ልጆች እየበዙ ነው፣ በጣም ደስ ይላል፣ እና ብዙዎቹ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ "ካሜራ አለኝ፣ 50 ሚሊ ሜትሯም ሌንስ አለችኝ፣ አሁን ምን ፍላሽ ልግዛ?" ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከምመልስ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። የኔ ስራ ፖርትሬት ነው፣ ምርቃት፣ ቀለበት፣ ኒካህ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ትልልቅ ሰዎችን ቤታቸው ሄዶ ማንሳት፣ ስለዚህ እዚህ የምለው ሁሉ ሰው ፊት ላይ ስለሚያርፍ ብርሃን ነው።

ለምን ፍላሽ ያስፈልጋል ለሚል ሰው፣ ጅማን የሚያውቅ ያውቃታል፣ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ጥቅምት ድረስ ዝናቡ አይለቀንም፣ ከሰዓት ላይ ሰማዩ ይጠቁርና ቤት ውስጥ ምንም አይታይም፣ መብራትም ሲፈልግ ይሄዳል። ውጪ ላይ ደመና ሲሆን ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ አሪፍ ነው ይባላል፣ ግን ከአናት ነው የሚመጣው፣ አይን ስር ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ ሰውዬው ለሊቱን ሙሉ ያልተኛ ይመስላል። ያንን ጥላ የሚያነሳላችሁ ከጎን የሚመጣ ትንሽ ብርሃን ነው፣ ለዚህ ነው ፍላሽ የሚገዛው፣ ለጨለማ ብቻ አይደለም።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ጉልበቱን ነው፣ "ጋይድ ነምበሩ 60 ነው፣ በጣም ሀይለኛ ነው" ምናምን። ያ 60 የሚለው ቁጥር የሚለካው የፍላሹ ዙም 200 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኖ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ልክ ነው) ነው፣ ማለትም ብርሃኑ ጠቦ ወደ አንድ ቦታ ሲወረወር፣ ዙሙን 35 ላይ ብታደርጉት ያው ፍላሽ ወደ 30 ምናምን ይወርዳል። ለፖርትሬት ደግሞ ሰውዬው ካንተ ሁለት ሶስት ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ሙሉ ጉልበት ብዙ ጊዜ አትነካውም። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ሁለት ፍላሽ አታወዳድሩ። የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ የምታዩት ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ ጭንቅላቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ወደ ኋላም ይዞራል ወይ፣ ሁለተኛ ውስጡ የሬዲዮ ሪሲቨር አለው ወይ። ሪሲቨር ካለው ከካሜራው አውርዳችሁ ስታንድ ላይ ታቆሙትና በትሪገር ከርቀት ታበሩታላችሁ፣ ፖርትሬት የሚቀየረው ደግሞ እዛ ጋ ነው፣ ፍላሹ ከካሜራው አናት ሲወርድ። ካሜራው ላይ ሆኖ ፊት ለፊት የሚመታ ፍላሽ ውድም ሆነ ርካሽ ፊቱን ዝርግ ያደርገዋል፣ አፍንጫ የለ ጉንጭ የለ፣ ግንባር ላይ ደግሞ ወዙን ያጎላዋል፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይሄ በጣም ነው የሚታየው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን የካሜራችሁን አናት በደንብ እዩት፣ ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው። ፍላሽ የሚሰካበት ብረት፣ ሆት ሹ የሚባለው፣ መሃሉ ላይ አንድ ከሌሎቹ ተለቅ ያለ ክብ ነጥብ አለው። "አሁን ብልጭ በል" የሚለው ትእዛዝ ለማኑዋል ፍላሽ (ሀይሉን በእጃችሁ የምትወስኑለት) የሚደርሰው በሱ በኩል ነው። ካነን 4000ዲ እና 250ዲ ላይ ያ የመሃሉ ነጥብ የለም፣ ብዙ 2000ዲዎች ላይም የለም፣ ትንንሾቹ ብቻ ናቸው ያሉት። እነዚህ ካሜራዎች ደግሞ ርካሽ ስለሆኑ እዚህ ሀገር ጀማሪ እጅ ላይ በብዛት ያሉት እነሱ ናቸው። አንድ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ከአዲስ አበባ ማኑዋል ፍላሽ አስመጥቶ 4000ዲው ላይ ሲሰካው ዝም አለው፣ ባትሪ ቀየረ፣ ሴቲንግ ቀያየረ፣ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ነበር፣ ፍላሹ ግን ምንም አልሆነም። እንዲህ አይነት ካሜራ ካላችሁ መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ለካነን የተሰራ ቲቲኤል ፍላሽ (ሀይሉን ካሜራው ራሱ የሚወስንለት) መግዛት ነው፣ እሱንም በራሳችሁ ካሜራ ላይ ሰክታችሁ ብልጭ ሲል ካያችሁ በኋላ። ሁለተኛው እና ርካሹ ደግሞ ካሜራው ራሱ ያለውን ትንሿን ፍላሽ አንስታችሁ በሷ ብልጭታ ትልቁን ማስነሳት ነው፣ ብዙ ማኑዋል ፍላሾች ላይ ኤስ1 እና ኤስ2 የሚል ሞድ አለ፣ ኤስ2 ላይ አድርጉት ምክንያቱም ካሜራው ዋናውን ብልጭታ ከመልቀቁ በፊት ለመለካት አንድ ትንሽ ብልጭታ ይለቃል፣ ኤስ2 እሷን አልፎ ሁለተኛዋን ነው የሚጠብቀው። የትንሿን ፍላሽ ሀይል በሜኑ ቀንሱት፣ ሬድ አይ የሚለውንም (አይን እንዳይቀላ ቀድሞ የሚበራውን) አጥፉት። ቤት ውስጥ ይሄ በደንብ ይሰራል፣ ውጪ ፀሐይ ላይ ግን ፍላሹ ብልጭታዋን ላያያት ይችላል። ለመጀመር ግን ያስኬዳል።

አሁን ወደ ቲቲኤል እና ማኑዋል እንምጣ፣ ሁሉም የሚከራከርበት። ቲቲኤል ማለት ካሜራው በሌንሱ በኩል ለክቶ የፍላሹን ሀይል ራሱ ይወስናል፣ ማኑዋል ላይ 1/1 (ሙሉ ሀይል)፣ 1/2፣ 1/4 እያልክ እስከ 1/128 አንተ ነህ የምትወስነው። ቲቲኤል ቀላል ይመስላል፣ ሰው ሲንቀሳቀስ በጣም ይጠቅማል፣ ግን የኛ ሀገር አለባበስ ላይ አንድ ችግር አለው። ባለፈው የምርቃት ሰሞን ኮቺ አካባቢ አንድ ቤት ሄጄ ተመራቂዋን ከእናትዋ ጋር ሳነሳ፣ እናትየው ሙሉ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ልጅቷ ጥቁር ጋዋን። እናትየውን ብቻዋን ሳነሳ ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ያይና ብርሃን በዛ ብሎ ፍላሹን ይቀንሰዋል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። ልጅቷን ከነጋዋኗ ስትሞላው ደግሞ ጨለማ ነው ብሎ ይጨምራል፣ ፊቷ ይነጣል። እናትየው ስክሪኑን አይተው "ልጄ፣ እኔ እኮ እንዲህ አልጠቁርም፣ ምነው?" አሉኝ። "እማማ ልክ ነዎት፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ አስተካክለዋለሁ" ብዬ ፍላሹን ወደ ማኑዋል ቀየርኩት፣ 1/8 ላይ፣ ከዛ በኋላ ነጭ ይልበሱ ጥቁር ይልበሱ ብርሃኑ ያው ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲቆሙም ያው ነው፣ ምክንያቱም ፍላሹም ሰዎቹም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ቲቲኤል ያላችሁ ደግሞ ነጭ ልብስ ሲሆን ፍላሽ ኮምፔንሴሽኑን ወደ ላይ አንድ ስቶፕ (እጥፍ ብርሃን ማለት ነው) ገደማ፣ ጥቁር ሲበዛ ወደ ታች እያደረጋችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ ያስኬዳል፣ ግን በየፎቶው ማሰብ ነው።

ስለዚህ ሰው ተቀምጦ ወይ ቆሞ የሚነሳበት ስራ ከሆነ የምትሰሩት፣ ማኑዋል በቂ ነው፣ በደንብ ያስተምራችኋልም። ሰርግ የምትገቡ ከሆነ፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ ሚዜዎች ሲጨፍሩ፣ እዛ ጋ ሀይል የምትቀይርበት ጊዜ የለም፣ ቲቲኤል ያለው ግዙ፣ እሱ ማኑዋልም ስላለው ምንም አይጎድልባችሁም፣ ዋጋው ብቻ ነው ልዩነቱ።

ሞዴል በስም ጥቀስ ለምትሉኝ። ከማኑዋሎቹ ጎዶክስ ቲቲ600 የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው፣ ውስጡ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮ አለው፣ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ በአራት ኤኤ (AA) ባትሪ ድንጋይ ይሰራል፣ በኋላ ሌላ የጎዶክስ ፍላሽ ብትጨምሩ በአንድ ትሪገር ሁሉም ይታዘዛሉ። ዮንግኑኦ ዋይኤን560 ሶስተኛውና አራተኛውም (III እና IV የሚል የተጻፈባቸው) ጥሩ ናቸው፣ አራተኛው ራሱ ትሪገር ሆኖ ሌላውን ማዘዝ ይችላል፣ ያገለገለ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ አትለፉት፣ ግን የጎዶክስ እና የዮንግኑኦ ሬዲዮ አይግባቡም፣ አንዱን መርጣችሁ በዛው ቀጥሉ። ቲቲኤል ከፈለጋችሁ ጎዶክስ ቲቲ685 ሁለተኛው አለ፣ ብር ካለ ደግሞ ቪ860 ሶስተኛው ወይም ክብ ጭንቅላት ያለው ቪ1፣ እነሱ በሊትየም ባትሪ ነው የሚሰሩት። ቲቲኤል ስትገዙ ሞዴሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እዩ፣ ለካነን ሲ፣ ለኒከን ኤን፣ ለሶኒ ኤስ ነው፣ የካነኑ ኒከን ላይ ቲቲኤል አይሰራም። ለቲቲ600ም ሶኒ ያላችሁ ቲቲ600 ኤስ የሚለውን ነው መፈለግ ያለባችሁ። ካነን 430ኢኤክስ ሁለተኛው ወይም ኒከን ኤስቢ700 ያገለገለ ሲሸጥ ታገኛላችሁ፣ ጠንካራ እቃ ናቸው፣ ግን ውስጣቸው ሬዲዮ የላቸውም፣ ሪሲቨር ለብቻ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፣ እሱን ደምራችሁ ነው ዋጋውን ማወዳደር። ዋጋ እዚህ ቁጥር አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አባት ወይ አጎት ከፊልም ካሜራ ጊዜ ያስቀመጡት አሮጌ ፍላሽ ቤት ውስጥ ካለ ዲጂታል ካሜራ ላይ እንዳትሰኩት። አንዳንዶቹ በእግራቸው በኩል ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ይልካሉ፣ የካሜራውን ሰርኪት ሊያቃጥለው ይችላል።

ባትሪ። ኪዮስክ የሚሸጠው ርካሽ ድንጋይ ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ነው፣ ለፍላሽ አይሆንም፣ ፍላሽ በአንዴ ብዙ ከረንት ነው የሚስበው፣ በነሱ ከአንድ ብልጭታ እስከ ሚቀጥለው ድረስ ስትጠብቅ ሰውየው ፈገግታው ያልቅበታል። ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙ፣ ላዩ ላይ 1.2 ቮልት የሚል፣ ኢነሉፕ የሚባለው ብራንድ ከተገኘ በጣም ጥሩ። ቲቲ600 በጥሩ ባትሪ በሙሉ ሀይል ወደ 230 ብልጭታ ይሰጣል፣ ለመሙላት እስከ 2.6 ሰከንድ ይፈጅበታል ይላል ካምፓኒው፣ ቪ860 ሶስተኛው ደግሞ 480 ብልጭታ፣ 1.5 ሰከንድ። በ1/8 ወይም በ1/16 ከሰራችሁ ደግሞ ወዲያው ወዲያው ነው የሚሞላው። ሁለት ሴት፣ ማለትም ስምንት ድንጋይ ያዙ፣ መብራት ሲመጣ ሁሌ ቻርጅ ላይ ይሁኑ፣ እና አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፣ ደካማው ሌሎቹን ይጎትታል።

ትሪገርና አምብሬላ ለመግዛት ብር ካልቀረ በኮርኒስ ጀምሩ። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወይ ወደ ጎን ግድግዳ አዙራችሁ ስታበሩት ብርሃኑ ሰፍቶ ይመለሳል፣ ፊት ላይ ለስላሳ ይሆናል። ግን ኮርኒሱን እዩት። ነጭ ቀለም የተቀባ ወይም አቡጀዲ የተወጠረበት ቤት ከሆነ ታድላችኋል። ኮምፔንሳቶ ወይ ቺፑድ ሆኖ ቡናማ ከሆነ ፊቱን ብርቱካናማ ያደርገዋል፣ ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ (ጅማ ላይ አረንጓዴ ግድግዳ በጣም ነው ያለው) አገጭና አንገት ላይ አረንጓዴ ይገባል፣ ያ ደግሞ በኤዲቲንግ በቀላሉ አይወጣም፣ ምክንያቱም የፊቱ አንዱ ጎን ብቻ ነው የሚቀባው። እንዲህ አይነት ቤት ስገባ አንድ ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ በር ላይ ወይ ቁምሳጥን ላይ እሰቅለውና ፍላሹን ወደሱ አዞራለሁ፣ በቃ ቤት ውስጥ መስኮት እንደመክፈት ነው። ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ ብዙ ይጠፋል፣ አይኤስኦውን 800 አካባቢ አድርጉት፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 2.8 ወይ 4፣ አትፍሩት።

ብር ሲገኝ ቀጥሎ የሚገዛው ትሪገር፣ ስታንድ እና ነጭ አምብሬላ ነው፣ ብርሃኑ በጨርቁ አልፎ የሚመጣበት አይነት፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚሰፋ። ሶፍትቦክስ አሪፍ ነው ግን ለመገጣጠም ጊዜ ይፈጃል፣ ባጃጅ ውስጥም ያስቸግራል፣ አምብሬላ ታጥፎ ብብት ስር ይገባል። ስታንዱ እግር ላይ ትንሽ ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ፣ አምብሬላ ንፋስ ይወዳል፣ ከወደቀ ፍላሹ ነው መጀመሪያ መሬት የሚመታው።

አሰራሩን በአንድ ፎቶ ላሳያችሁ። ጅሬን አቅራቢያ አንድ ትልቅ አባት ቤታቸው በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሳነሳቸው፣ ዝናብ እየዘነበ ነው፣ ከኋላ ያለው የቡና ዛፍ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ፍላሹን ሳላበራ ኋላው ምን ያህል እንዲታይ እንደምፈልግ ወሰንኩ፣ አይኤስኦ 200፣ አፐርቸር ኤፍ 4፣ ሹተር (የፎቶው ፍጥነት) 1/160 ሰከንድ፣ እሳቸው ጨልመው ቡናው ትንሽ እስኪታይ። ከዛ አምብሬላውን ከግራቸው በ45 ዲግሪ አካባቢ፣ ከአይናቸው ከፍ አድርጌ፣ ወደ አንድ ሜትር አስጠጋሁትና 1/16 ላይ አበራሁት። ትንሽ በዛ፣ 1/32 አደረግኩት፣ ልክ ሆነ። ከዛ አምብሬላውን ቀጥታ ፊታቸው ላይ ከማነጣጠር ትንሽ ወደ ፊታቸው ፊት ለፊት ወዳለው ባዶ ቦታ አዞርኩት፣ ጠርዙ ብቻ እንዲነካቸው፣ ጉንጫቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ወጣ፣ ነጩ ኩፊያቸው ላይ ደግሞ ክሩ ሳይጠፋ ቀረ። አይናቸው ውስጥ ከላይ በኩል የአምብሬላዋ ነጭ ነጥብ ትታያለች፣ እሷ ከሌለች አይን የሞተ ይመስላል፣ ሁሌ እሷን ፈልጉ፣ ካላያችኋት ስታንዱን ዝቅ አድርጉ።

እዚህ ጋ መያዝ ያለበት፣ ሹተሩ የሚቆጣጠረው የአካባቢውን ብርሃን ነው፣ ፍላሹን አይነካውም፣ አፐርቸርና አይኤስኦ ደግሞ ሁለቱንም ይነካሉ። ኋላው እንዲጨልም ከፈለጋችሁ ሹተሩን አፍጥኑት፣ ግን ከሲንክ ስፒድ (ፍላሽና ሹተር አብረው የሚሄዱበት የመጨረሻ ፍጥነት) አትለፉ፣ በካነን ክሮፕ (ትንሽ ሴንሰር ያላቸው) ካሜራዎች ብዙ ጊዜ 1/200 ነው፣ ካለፋችሁ ፎቶው ላይ ከታች ወይ ከላይ ጥቁር ባንድ ይመጣል። ከዛ በላይ መሄድ የሚያስችል ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባል አለ፣ ቲቲ600 እሱን የሚሰራው ካሜራው ላይ ሆኖ ሳይሆን በጎዶክስ ትሪገር ከርቀት ሲታዘዝ ነው፣ ጉልበትም ይበላል። ርቀት ደግሞ በጣም ወሳኝ ነው፣ ፍላሹን ከሰውየው በእጥፍ ብታርቁት የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ሲጠጋ ኋላ ያለው ግድግዳ ይጨልማል፣ ባትሪም ይቆጥባል፣ ፊት ላይ ያለው ብርሃንም ይለሰልሳል።

ለወዙ ነገር፣ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ቫዝሊን ወይ ቅባት ደህና አድርገው ይቀባሉ፣ ሶፍት ይዛችሁ ግንባርና አፍንጫ ላይ ጫን እንዲያደርጉት በትህትና ጠይቁ፣ ማሻሸት ሳይሆን ጫን ብቻ። ጠይም እና ጥቁር ቆዳ ላይ ትንሽ ወዝ ቢቀር ያምራል፣ በትልቅ አምብሬላ ሲሆን ወዙ ሰፋ ብሎ የፊቱን ቅርፅ ያወጣዋል፣ እና እባካችሁ ሰውን ለማንጣት ብላችሁ ፍላሽ አትጨምሩ፣ ቆዳው ያለውን መልክ ይያዝ።

ያገለገለ ስትገዙ፣ አዲስ አበባም ይሁን እዚሁ ጅማ በቴሌግራም፣ የራሳችሁን ካሜራና ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። የባትሪውን ቤት ክፈቱ፣ ሽቦዎቹ ላይ አረንጓዴ ወይ ነጭ ዝገት ካለ ድንጋይ ፈሶበታል ማለት ነው። በሙሉ ሀይል ደጋግማችሁ አብሩት፣ በየመሃሉ እስኪሞላ ያለው ጊዜ እየረዘመ ከሄደ፣ ወይ አንዴ ብልጭ ብሎ አንዴ ከዘለለ ተዉት። ዙሙን ቀያይሩ፣ ውስጡ ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ጭንቅላቱን በሁሉም አቅጣጫ አዙሩ፣ እያዞራችሁም አብሩት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ሽቦው አንገቱ ጋ ተጎድቶ አንድ አቅጣጫ ላይ ብቻ ነው የሚሰራው። ብልጭ የሚለውን ቱቦ በፕላስቲኩ በኩል እዩት፣ ጫፎቹ በጣም ከጠቆሩ ብዙ ሰርቷል። ሻጩ "ኋላ ትሞክረዋለህ" ካለ ጥላችሁ ውጡ። ውስጡ ቻርጅ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ከባድ ቮልቴጅ ስለሚይዝ ደግሞ ተበላሽቶም ቢሆን ራሳችሁ እንዳትፈቱት፣ ባትሪ ወጥቶም ቻርጁ ውስጡ ሊቆይ ይችላል።

የጅማ እርጥበት ደግሞ ለእቃ ከባድ ነው። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ግዙና ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን ሲሊካ ጄል ሰብስባችሁ ጨምሩበት፣ ሌንሱም ከሻጋታ ይድናል። ስራ ስትጨርሱ ድንጋዮቹን ከፍላሹ አውጡ፣ በተለይ ክረምት ላይ ስራ ሲቀዘቅዝ፣ እና ብዙ ጊዜ ሳትሰሩበት ከቆየ ከስራ ቀን በፊት ማታ ባትሪ ከታችሁ የተወሰነ ጊዜ አብሩት፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሞላል ከዛ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል። ካሜራችሁ ምን እንደሆነ እና የሆት ሹውን ፎቶ ከላካችሁልኝ የትኛው እንደሚሰራላችሁ አይቼ እነግራችኋለሁ።